እሸት ወባ ያስይዛል? ተረትና እውነታ በፎገራ ሜዳ

መስከረም ላይ በፎገራ ሜዳ ባለችው ወረታ ከተማ አንድ ልጅ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ቆይቶም ሰውነቱ እንደ እሳት ይግላል። ትናንት የተጠበሰ የበቆሎ እሸት በልቶ ነበር። «ወባውን ያነሣበት እሸቱ ነው» ይባላል። በኢትዮጵያ ወባማ አካባቢዎች በሰፊው የሚሰማው ይህ ፍርድ ከሞኝነት የመጣ አይደለም። ሰው ለዘመናት ያየውን ነው የሚናገረው፤ ስሕተቱ ባየው ላይ ሳይሆን በደመደመው ላይ ነው።

ክረምቱ ሲበረታ የጉማራና የርብ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። ውኃው ሲሸሽ በየማሳውና በየከብቱ ኮቴ ጥልቀት የሌለው፣ ፀሐይ የሚያገኘው ኩሬ ይቀራል። የሩዝ ማሳውም ውኃ እንዳቆረ ነው። ዋነኛዋ ወባ አስተላላፊ ትንኝ፣ አኖፌለስ አራቢየንሲስ፣ እንቁላሏን የምትጥለው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። በቆሎውም በዚያው ሰሞን ያሸታል። እሸቱና ወባው የአንድ ክረምት ልጆች ናቸው እንጂ አንዱ ሌላውን አልወለደም።

ለዚህ የቀን ቆጠራ ብቻውን በቂ ማስረጃ ነው። ትንኟ ከነከሰች በኋላ ሕመሙ እስኪሰማ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ብዙውን ጊዜም ከዚያ በላይ ያልፋል። ስለዚህ ዛሬ የታመመው ልጅ የተነከሰው እሸቱን ከመቅመሱ በፊት ነው። ደብረ ታቦር ከወረታ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ከፍታዋ ግን ከ2,600 ሜትር ይበልጣል። እሸት እዚያም ይበላል፤ ብርዱ ግን ለትንኟም ለወባው ተሕዋስም አይመችም። ደግሞም እሸት በየዓመቱ ይበላል፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ሦስት ሚሊዮን ያህል ኢትዮጵያውያንን አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደገደለ የሚገመተው ወረርሽኝ ግን በየዓመቱ አይመጣም። ያንን ያመጣው ያልተለመደ ዝናብና ሙቀት ነበር።

«ወባዬ ተነሣብኝ» የሚል ሰው ግን ላይሳሳት ይችላል። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ፣ አዲስ ንክሻ ሳይኖር፣ ይቀሰቀሳል። በዚያ ዕለት የተበላው ምግብ፣ እሸትም ይሁን ሌላ፣ በከንቱ ይወነጀላል።

በቆሎ ከነገሩ ፈጽሞ ነጻ ነው ማለት ግን ሌላ ስሕተት ነው። የማነ የእብዮና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ ከበቆሎ አበባ የሚረግፈው ብናኝ ኩሬ ላይ ሲወድቅ ለትንኟ እጮች ምግብ እንደሚሆንና ፈጥነው እንዲያድጉ እንደሚረዳ አሳይተዋል። በጎጃም ቡሬ አካባቢ የተደረገ ሌላ ጥናትም በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው ቀበሌዎች ወባ እንደሚበዛ አመልክቷል። ከከርከሮና ከጃርት እሸት ሊጠብቅ ማሳ ላይ የሚያድር ሰውም ያለ አጎበር ለትንኝ ይጋለጣል። በቆሎና ወባ የሚገናኙት በማሳው ነው፤ በሚበላው እሸት አይደለም። አያቶች ዝምድናውን አይተውታል፤ መንገዱን ነው የሳቱት።

የዚህ ስሕተት ዋጋ ቀላል አይደለም። ልጁን እሸት የከለከለ ቤተሰብ የተከላከለ ይመስለውና አጎበሩን ሳይሰቅል ያድራል፤ ትኩሳቱንም የሆድ ነገር ነው ብሎ ቀን ያሳልፋል። ወባ መሆን አለመሆኑን የሚለየው ከጣት ጫፍ የምትወሰድ የደም ጠብታ ናት፤ በጤና ኬላ የሚደረገው ፈጣን ምርመራም 20 ደቂቃ ያህል ቢፈጅ ነው።