ጥሪ መቼ ይመጣል? የሴቶች ምንኩስና በመንዝና በአካባቢው

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ልማድ ብዙ ሴቶች ቆብ የሚደፉት ባል ከሞተ፣ ልጆችም ጎጆ ከወጡ በኋላ ነው። ከነፍስ አባታቸው ጋር መክረው ይመነኩሳሉ፤ ብዙዎቹም ገዳም ሳይገቡ በደብራቸው አጠገብ ይኖራሉ። ምንኩስናው የቤት ግዴታ ሲፈጸም የሚጀመር ሁለተኛ ሕይወት ነው።

በ15ኛው ምዕተ ዓመት የኖረችው የቡልጋዋ ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ግን ይህን ቅደም ተከተል አልጠበቀችም። ገድሏ እንደሚተርከው ባሏንና ልጆቿን ትታ በደብረ ሊባኖስ መነኮሰች። ታሪኳ የሚከብደን ጥሪው ከእርሷ አልፎ የሌሎችንም ዋጋ ስለጠየቀ ነው።

የካቶሊክ ደናግል ሥርዓት ደግሞ ጥሪን በወጣትነት ተቀብሎ በጊዜ ይፈትናል። 17 ዓመት ያልሞላት ወደ አመክሮ አትገባም፤ አመክሮው ቢያንስ 12 ወር ይወስዳል፤ ቀጥሎ የተወሰነ ዘመን መሐላ ይፈጸማል፤ የዘላለሙ መሐላም ከ21 ዓመት በፊት አይፈቀድም።

ስለዚህ ጥሪ የልብ ስሜት ብቻ አይደለም፤ ምስክር ይሻል። የመንዟ መነኩሲት ምስክር ያሳለፈችው ኑሮ ነው። ወጣቷ ደንግል ግን ገና ያልኖረችውን ዘመን አስቀድማ ትሰጣለች፤ ማኅበሯም ቸኩሎ እንዳይቀበላት ሕጉ ያዘገየዋል።