የቤትዎ ኤሌክትሪክ ሲበላሽ ባለሙያ የሚጠራው መቼ ነው?

በሜክሲኮ አደባባይ አድርጎ ወደ ልደታ የሚያልፈውን የከተማ ባቡር የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ ባቡር የሚንቀሳቀሰው ከበላዩ በተዘረጋው ሽቦ በሚያገኘው የ750 ቮልት ኃይል ነው። ያ ሽቦ ቢበላሽ መሰላል ተሸክሞ «እኔ ልጠግነው» የሚል መንገደኛ አይገኝም። ነገር ግን ይኸው መንገደኛ ማታ ቤቱ ገብቶ መብራት ቢጠፋበት የወጥ ቤት ቢላዋ ይዞ ሶኬት ይፈታል። የቤታችን 220 ቮልትም ቢሆን ሰው ለመግደል አያንስም።

ውድ አንባቢ፣ አንድ ክፍል ተከራይተው የሚማሩ ወይም መሥሪያ ቤት የሚውሉ ከሆኑ ነገሩን ያውቁታል። ሶኬቱ አንድ ነው፤ በእርሱ ላይ ማከፋፈያ፣ በማከፋፈያው ላይ ምድጃና ካውያ ይሰካል። አከራይዋ ደግሞ እንጀራ ሊጋግሩ ምጣዱን ሲያበሩ ባልቦላው ይቃጠላል። ምጣድ ብቻውን ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ስለሚፈልግ ከ14 እስከ 18 አምፔር ይስባል። በሽቦ የሚያልፈው ፍሰት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ጊዜ አንድ ጎበዝ ብቅ ይልና በባልቦላው ፈንታ ወፍራም ሽቦ ያስራል። መብራቱ ይመጣል፤ ሁሉም ያመሰግነዋል። ይሁን እንጂ ባልቦላው የተቃጠለው በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ እንዳይቃጠል ነበር። ይህ ዘበኛውን አሰናብቶ በሩን ከፍቶ እንደ ማደር ነው።

«ብሬከር አለኝ» ብለውም አይዘናጉ። 16 አምፔር የሚለው ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ እርስዎን አይደለም። አንድ አምፔር በ1,000 ቢከፈል 30ው እጅ ብቻ የሰውን ሕይወት አደጋ ላይ ይጥላል።

እንግዲህ በራስዎ ሊያደርጉት የሚገባው ጥቂት ነው፤ ማብሪያውን አጥፍቶ አምፑል መለወጥ፣ የጎረቤት መብራት መኖሩን ማየት፣ የተሰካውን ሁሉ ነቅሎ ብሬከሩን አንድ ጊዜ መመለስ። ብሬከሩ ደግሞ ከወደቀ፣ ሶኬቱ ከጠቆረ ወይም የተቃጠለ ላስቲክ ከሸተተ፣ ምጣዱ ወይም የውሃ ቧንቧው ከነዘረዎ፣ ሽቦ ያለበት ግድግዳ ከረጠበ ባለሙያ ይጥሩ። ከአደባባዩ ብዙ በማይርቀው በተግባረ ዕድ ወጣቶች ይህን ሙያ ተቀምጠው የሚማሩት በከንቱ አይደለም።

ማንን እንደሚጠሩም ይለዩ። ከቆጣሪው ወደ ቤት ውስጥ ላለው ብልሽት የሙያ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጠራል። ቆጣሪውና ከእርሱ እስከ ምሰሶው ያለው ግን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ስለሆነ በ905 ይደውሉ።

የሠራተኛው ዋጋ ለአንድ ተማሪ ወይም ለጀማሪ ጸሐፊ ደመወዝ እንደሚከብድ እናውቃለን። ስለዚህ ለአከራይዎ ይንገሩ፤ ከግቢው ተከራዮች ጋራም ይመካከሩ። በአንድ ግድግዳ ውስጥ የሚነሣ እሳት የሁሉንም ክፍል ያዳርሳልና። ዛሬ ማታ ምድጃዎን ከማጥፋትዎ በፊት የማከፋፈያውን ላስቲክ በደረቅ እጅ ይዳስሱት። ትኩስ ከሆነ ምድጃውን ያጥፉና ይንቀሉ፤ ነገም ባለሙያ ይጥሩ።