የመስተንግዶ ተማሪን መርዳት



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ የሆቴልና የመስተንግዶ ትምህርት የሚከታተሉ የዩኒቨርሲቲና የማሠልጠኛ ተቋም ተማሪዎች ከበጎ አድራጊዎች የሚያገኙት ርዳታ በምን መንገድ ፍሬ እንደሚሰጥ ነው።

ተማሪን መርዳት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ሲቆም፤ ቁራሽ የሚሰጠው አይጠፋም ነበር። ቅኔውና ዜማው ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው በመምህሩ ዕውቀት ብቻ ሳይሆን በመንደሩ እንጀራም ጭምር ነው። በዘመናዊውም ትምህርት ቢሆን በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ለትምህርት በሰጡት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር።

የመስተንግዶን ሙያ በተመለከተ፤ ዛሬ የቱሪዝም ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት የሚባለው ተቋም በአዲስ አበባ የተቋቋመው በ1961 ዓ.ም. ነው። ከዚያም ወዲህ ልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች በዚሁ መስክ ትምህርት መስጠት ጀምረዋል። ይሁን እንጂ ብዙ ሰዎች «ምግብ ማቅረብና አልጋ ማንጠፍ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?» ሲሉ ይሰማሉ። ሙያው ግን የምግብ ንጽሕናን፤ የሒሳብ አያያዝን፤ የውጭ አገር ቋንቋንና የሠራተኛ አስተዳደርን ሁሉ አጣምሮ የያዘ ነው።

ይህ ትምህርት ከሌላው የሚለይበት አንድ ነገር አለ። የታሪክ ተማሪ መጽሐፍና ደብተር ካገኘ መማር ይችላል። የመስተንግዶ ተማሪ ግን ዱቄት አባክኖ፤ ሥጋ ቆርጦ፤ ወጥ አሳርሮ ካልሆነ አይማርም። ነጭ የወጥ ቤት ልብስ፤ ሽርጥ፤ የማያንሸራትት ጫማና የተሳለ ቢላዋ ያስፈልገዋል። ከዚህም ሌላ በእውነተኛ ሆቴል ውስጥ የተግባር ልምምድ ማድረግ አለበት።

ችግሩ የሚጠናው እዚህ ላይ ነው። ከሰበታ፤ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ እየተመላለሰች የምትማር አንዲት ልጅ በአሳባችን እንመልከት። እነዚህ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉ ሲሆኑ፤ ሰበታ በጅማ መንገድ፤ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፤ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ይገኛሉ። የሆቴል ቁርስ ከንጋቱ በ12 ሰዓት የሚቀርብ ከሆነ፤ ልጅቱ ገና ሳይነጋ ከቤቷ መውጣት አለባት። የማታ ፈረቃ ከደረሳት ደግሞ ሥራው ሲያልቅ ታክሲ አይገኝም። የትምህርት ክፍያዋ ተሟልቶላት ሳለ፤ የመሳፈሪያ ዋጋና የማደሪያ ስፍራ በማጣት ልምምዷን ልታቋርጥ ትችላለች። ልምምድ ያልፈጸመ ደግሞ አይመረቅም። እንግዲህ ክፍያውን ብቻ የሸፈነ ለጋስ ወንዙን እስከ መካከል አሻግሮ የተመለሰ ሰው ይመስላል።

ከባሕር ማዶም ትምህርት የሚሆን ምሳሌ አለ። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሆቴል ትምህርት የጀመረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1922 ነው። ኤልስዎርዝ ስታትለር የተባለው ባለሆቴል በልጅነቱ የእንግዳ ሻንጣ ተሸካሚ ሆኖ ሥራ የጀመረና፤ ሆቴል በትምህርት ቤት ይጠናል መባሉን የማያምን ሰው ነበር። ነገር ግን ተማሪዎቹ ራሳቸው አሰናድተው ያስተናገዱትን ግብዣ በዓይኑ ካየ በኋላ አሳቡን ለወጠ። በ1928 ሲሞት በኑዛዜው መሠረት የቆመው የርዳታ ድርጅት ለትምህርት ቤቱ ታላቅ ሕንፃ አሠራለት፤ ሕንፃውም በ1950 ተከፈተ። ከዚህ የምንረዳው፤ ለጋስ ቀርቦ ሲያይ ስጦታው ከስፍራው የሚደርስ መሆኑን ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ ያለን ሠራተኞች የስታትለር ሀብት የለንም። ነገር ግን በዕድርና በዕቁብ የሠለጠንን ሕዝብ ነን። ጥቂት ባልደረቦች በየወሩ ከደመወዛቸው ጥቂት ብር ቢያዋጡ፤ የአንዲትን ተማሪ የመሳፈሪያና የልምምድ ወጪ ሊሸፍኑ ይችላሉ። ሲረዱ ግን ሦስት ነገሮችን ቢያስቡ መልካም ነው። አንደኛ፤ ገንዘቡ በተቋሙ በኩል በደረሰኝ ቢሰጥ ይመረጣል። ሁለተኛ፤ የተጀመረው ርዳታ ተማሪዋ እስክትመረቅ ሳይቋረጥ መዝለቅ አለበት፤ በዓመቱ አጋማሽ የሚቆም ርዳታ ካለመጀመሩ የበለጠ ይጎዳል። ሦስተኛ፤ ተረጂዋን በሰው ፊት አቁሞ ድህነቷን ማስነገር አይገባም።

ይህን ሦስተኛውን አጥብቀን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። አባታችን አብርሃም በድንኳኑ ደጃፍ እንግዶቹን ሲቀበል ማንነታቸውን አልመረመረም፤ እግራቸውን አሳጥቦ አበላቸው እንጂ። እንግዳን በክብር መቀበል የምትማር ልጅ አስቀድማ ራሷ በክብር መስተናገድ አለባት። በዚህ ዓይነት የተረዳች ተማሪ የተደረገላትን ነገ በምትቀበለው እንግዳ ሁሉ ላይ ትመልሰዋለች።