ሁለት ሰዓት፣ አንድ ቅደም ተከተል፦ በባለ ብዙ ፕሮሰሰር ኮምፒውተር ሰዓትን ስለ ማስማማት



ነገሩን ከምናውቀው ስፍራ ልጀምር። ሱዳን ጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች። ከዚያ ወዲህ መተማ ዮሐንስ ላይ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲሆን፣ ከድንበሩ ማዶ ጋላባት ላይ በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ነው። አንድ የጭነት መኪና ከመተማ በ3፡50 ተነሥቶ ከ20 ደቂቃ በኋላ ጋላባት ገባ እንበል። የጋላባቱ ጸሐፊ በራሱ ሰዓት 3፡10 ብሎ ይመዘግባል። ሁለቱን መዛግብት እንዳሉ የሚያነብ ሰው መኪናው ከመነሣቱ 40 ደቂቃ አስቀድሞ ደርሷል ይላል። ሁለቱም ጸሐፊዎች ግን እውነቱን ነው የጻፉት።

ብዙ ፕሮሰሰሮች ባሉት ኮምፒውተር ውስጥም ይኸው ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1993 ከወጣው ከፔንቲየም ጀምሮ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ምታቸውን የሚቆጥር የየራሳቸው ቆጣሪ አላቸው። በሰከንድ 3 ቢሊዮን ጊዜ የሚመታ ፕሮሰሰር በአንድ ምቱ ውስጥ ብርሃን እንኳ የሚጓዘው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ለሁሉም ፕሮሰሰሮች እኩል የሚደርስ «አሁን» የለም። ስርዓተ ክወናው አንድን ፕሮግራም ቆጣሪው ወደ ኋላ ወደ ቀረ ፕሮሰሰር ቢያዛውረው፣ ለፕሮግራሙ ጊዜ ወደ ኋላ ይሄዳል። በመጨረሻ የተጻፈው ይጽና በሚል ደንብ የሚሠራ የባንክ መዝገብ ደግሞ የቆየውን ሒሳብ አጽንቶ አዲሱን ሊሽር ይችላል።

የሰዓት አለመስማማት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የመነሻ ልዩነት ነው፤ የመተማና የጋላባት ልዩነት እንዲህ ያለ ነው፤ መጠኑ ከታወቀ በመቀነስ ይስተካከላል። ሁለተኛው የፍጥነት ልዩነት ነው፤ ይህኛው ይከፋል፤ አሁን የለካነው ልዩነት ከአፍታ በኋላ እውነት አይሆንምና። የቀድሞዎቹ ፕሮሰሰሮች ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነታቸውን ሲቀንሱ ቆጠራቸውም አብሮ ይዘገይ ነበር። በአዲሶቹ ላይ ፕሮሰሰሩ ቢዘገይም ቆጣሪው ፍጥነቱን አይለውጥም።

የመነሻ ልዩነትን የምንለካው በደርሶ መልስ መልእክት ነው። የመጀመሪያው ፕሮሰሰር ቆጣሪው 1000 ሲል መልእክት ይላክ፤ ሁለተኛው የራሱን ንባብ 1540 ጽፎ ወዲያው ይመልስ፤ መልሱ ሲደርስ የመጀመሪያው ቆጣሪ 1080 ይበል። የጉዞው አጋማሽ 1040 ነውና ሁለተኛው በ500 ምት ይቀድማል። መሄጃውና መመለሻው እኩል ጊዜ ባይወስዱ እንኳ ስሕተታችን ከ40 ምት አይበልጥም።

ሊኑክስ ሲነሣ ፕሮሰሰሮቹ ቆጣሪያቸውን በየተራ እንዲያነቡ ያደርጋል። አንዱ ካነበበ በኋላ ሌላው ያነሰ ቁጥር ቢያገኝ፣ ቆጣሪዎቹን የማይታመኑ ብሎ በቦርዱ ላይ ወዳለ የጋራ ሰዓት ይዞራል። ይህ ሰዓት አንድ ስለሆነ ራሱን አይቃረንም፤ ሆኖም እርሱን ማንበብ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ሥራው ሁሉ ይዘገያል።

ሰዓቶቹን ማስማማት ፈጽሞ ባይቻልስ? ሌስሊ ላምፖርት እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ጥናት መልሱን ሰጥቷል፤ መልእክቱ የላኪውን ቁጥር ይዞ ይሂድ፤ ተቀባዩም ከዚያ የሚበልጥ ቁጥር ይጻፍ። ሾፌራችን ከመተማ 50 የሚል ወረቀት ይዞ ቢሄድ፣ የጋላባቱ ጸሐፊ ቢያንስ 51 ብሎ ይመዘግባል። ወረቀቱ ስንት ሰዓት እንደሆነ አይነግረንም፤ መኪናው ከመነሣቱ በፊት ደረሰ የሚል መዝገብ ግን ከእንግዲህ አይኖርም።