መከለያው ለምን ተነሳ?

በቦኖሻ ከተማና በአካባቢዋ በርበሬ በሚደርስበት ወቅት ወፍጮ ቤቶች ፋታ አያገኙም። ዛላው ደርቆና ተቀንጥሶ ይመጣል፤ ጤፉና በቆሎውም ተራ ይጠብቃል። እንዲህ ባለ ቀን ከሞተሩ ወደ ወፍጮው የሚዞረው ቺንጋ የአንድ ወጣት ሠራተኛ እጅጌ ይዞ ጣቶቹን ጎዳ እንበል። ሞተሩ ይጠፋል፤ ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል። ደጅ ላይ የቆሙት አስፈጪዎች ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይጠያየቃሉ፤ መልሱም ሳይዘገይ ይገኛል፦ «ራሱ ነው፤ አልተጠነቀቀም!» ጉዳዩ በዚሁ ይዘጋል። በነጋታው ቺንጋው ያለ መከለያ ይዞራል።

የአደጋ ምርመራ ሳይንስ የሚጀምረው «ማን አጠፋ?» የሚለውን ጥያቄ በማቆየት ነው። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት 13ኛ አባሪ የምርመራ ብቸኛ ዓላማ አደጋ እንዳይደገም መከላከል እንጂ ጥፋተኛ መለየት አለመሆኑን ይደነግጋል። የዚህን ድንጋጌ ክብደት እኛ በሐዘን ተምረነዋል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ሲከሰከስ ካለቁት 157 ሰዎች 8ቱ ሥራቸው ላይ የነበሩ የበረራ ሠራተኞች ናቸው። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ የዚያው ሞዴል አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር፤ ያን ጊዜ አንዳንዶች ጣታቸውን ወደ አብራሪዎቹ ቀስረው ነበር። ምርመራው ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ግን የአንዲት አነፍናፊ መሣሪያን የተሳሳተ መረጃ አምኖ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች የሚገፋ አውቶማቲክ ሥርዓት ተገኘ። ነገሩ አብራሪዎቹ ላይ ቢቆም ኖሮ ያ ሥርዓት ሌሎች አውሮፕላኖች ውስጥ እንደነበረ በቀጠለ ነበር።

በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ አልፎንስ ቻፓኒስ ተመሳሳይ ነገር ገጥሞታል። የቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪዎች በሰላም ካረፉ በኋላ በስህተት ጎማውን ያጥፉት ነበር። ቻፓኒስ ወደ አብራሪው ክፍል ገብቶ ሲያይ የጎማውና የክንፉ መቆጣጠሪያዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ቅርጻቸውም አንድ ዓይነት ሆኖ አገኛቸው። በጎማው መቆጣጠሪያ ጫፍ ላይ ትንሽ የጎማ ቅርጽ፣ በሌላኛው ላይ የክንፍ ቅርጽ እንዲደረግ አደረገ። እጅ በዳሰሳ መለየት ቻለ፤ ስህተቱም ቀረ።

ወደ ወፍጮ ቤታችን እንመለስ። እጅጌው ለምን ተያዘ? ቺንጋው መከለያ ስላልነበረው። መከለያው ለምን ተነሳ? ቺንጋው እየላላ ስለሚንሸራተት በየጊዜው ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ መከለያው ደግሞ በብሎን የታሰረ በመሆኑ ፈትቶ መግጠም ጊዜ ይወስዳል። ለምን ላላ? ስላረጀ። ለምን አልተቀየረም? መለዋወጫው ከሆሳዕና እስኪመጣ ወፍጮው ሊቆም፣ የቀኑም ገቢ ሊቀር ነው። እነዚህን መልሶች ከአዲስ አበባ የሚመጣ መሐንዲስ በአንድ ቀን ጉብኝት አያገኛቸውም። የሚያውቃቸው ቺንጋውን በየቀኑ የሚያጠብቀው ሰው ነው። ሠራተኞችን ለምርመራ ማሠልጠን የሚያስፈልገውም ስለዚህ ይመስለኛል፤ ሥራው በወረቀት ላይ እንዴት እንደታዘዘ ሳይሆን በእውን እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

ማወቅ ብቻውን ግን አይበቃም፤ መጠየቅ ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳይተው የመኪኖቹን ፍጥነት ጠየቁ። «ሲላተሙ ስንት ይሄዱ ነበር?» የተባሉት በአማካይ ወደ 41 ማይል በሰዓት ገመቱ፤ «ሲነካኩ» የተባሉት 32 ገደማ። በሌላ ሙከራ ደግሞ ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ተብለው ሲጠየቁ፣ ቀድሞ «ሲላተሙ» የሚለውን ከሰሙት 50 ሰዎች 16ቱ አይተናል አሉ፤ «ሲመታቱ» ከተባሉት 50 ግን 7ቱ ብቻ። ፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። የሰው ትውስታ በተጠየቀበት ቃል ይቀረጻል።

ስለዚህ አለቃው «እጅጌህን ሳትሰበስብ ለምን ተጠጋህ?» ብሎ ሲጀምር መልሱን አብሮ ሰጥቷል። የሠለጠነ የሥራ ባልደረባ ግን «ወንድሜ፣ ጠዋት ወፍጮውን ካስነሳህ ጀምሮ የሆነውን ሁሉ ንገረኝ» ብሎ ዝም ይላል፤ አያቋርጥም። ምስክሮችን ለየብቻ፣ እርስ በርስ ሳይወያዩ፣ ከተቻለ በቦታው ያነጋግራል። ተናጋሪው ሐሳቡ በሀድይኛ ወይም በከምባትኛ የሚመጣለት ከሆነ በዚያው ይናገር። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ኃይል ይቋረጣል፣ ተጎጂው ይረዳል፤ ቀጥሎም ቦታው ሳይጠረግና ዕቃው ሳይነሳ በስልክ ፎቶ ይነሳል፣ ርቀቱ ይለካል። በሥራ ቦታ ቶሎ የሚጠፋ ማስረጃ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በመጥረጊያ ነው።

ሕጉ መሠረቱን ጥሏል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በሥራ ላይ የደረሰን ጉዳት መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ፣ የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ኮሚቴ እንዲኖር ያዛል። ሠራተኛውም ያየውን የመሣሪያ ጉድለት ማሳወቅ አለበት። ነገር ግን 3 ሰው የሚሠራበት ወፍጮ ቤት ወይም ብየዳ ቤት ኮሚቴ ከየት ያመጣል? በእኔ አስተያየት መንገዱ በአካባቢው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በኩል ቢሆን ይሻላል። ብየዳና እንጨት ሥራ የሚማር ወጣት ከመመረቁ በፊት አንድ አደጋ መመርመርን ቢለማመድ፣ ችሎታውን ይዞ ወደየወርክሾፑ ይገባል።

ማንም ያልተጎዳበት አጋጣሚም ሊመረመር ይገባዋል። ከባህር ዛፍ መወጣጫ ላይ ብሎኬት ወድቆ ሠራተኛውን ለጥቂት ሲስተው አንዱ ተመስገን፣ አንዱ አልሐምዱሊላህ ይላል። ምስጋናው ተገቢ ነው፤ በዚያው ቀን ግን ብሎኬቱ ለምን ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠ ይጻፍ። ይህ የሚሆነው የተናገረ ሰው ከሥራው እንደማይባረር እርግጠኛ ሲሆን ነው፤ አሠሪው ይህን ቃል ካልሰጠ የትኛውም ሥልጠና ፍሬ አይሰጥም።

«ሠራተኛው ከእንግዲህ ይጠንቀቅ» የሚል መደምደሚያ ያለው ሪፖርት ገና አላለቀም። ለወፍጮው የሚጻፈው መፍትሔ በማጠፊያ የሚከፈትና የሚዘጋ መከለያ፣ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ትርፍ ቺንጋ፣ ማን እስከ መቼ እንደሚያሠራው የሚገልጽ አንድ መስመር ነው። ከወር በኋላ ያው መርማሪ ባልደረባ ተመልሶ መከለያው በቦታው መኖሩን፣ ሠራተኞቹም ሳይቸገሩ ቺንጋውን ማጥበቅ መቻላቸውን ያያል፤ ከተቸገሩ መከለያው እንደገና ይሠራል።