ቤታችሁ ቢሰነጠቅ ምን ታደርጋላችሁ?

 

አንድ ሰው ጥሪቱን አሟጦ ቤት አሠራ እንበል። ክረምት ሲገባ ግድግዳው ተሰነጠቀ፤ ጣራውም አፈሰሰ። ሠሪው ደግሞ «ሒሳብ ተዘጋግተናል፤ ከእንግዲህ አያገባኝም» አለ። እውነት አያገባውም? ያገባዋል እንጂ!

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ምን ይላል? ቤት የሠራ ተቋራጭ ከርክክቡ ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ዋስ ነው ይላል። ቤቱ የተበላሸው በአሠራሩ ጉድለት ወይም በመሬቱ ጠባይ ከሆነ ኃላፊው እሱ ነው። «ዋስ አልሆንም» የሚል ውል ቢያስፈርማችሁ እንኳ አይጸናም።

ታዲያ ምን ማድረግ ይገባል?

አንደኛ፣ ቤቱን ከመረከባችሁ በፊት ውስጥ ውጭውን ዞራችሁ እዩት። የሚታይ ጉድለት ካለ በርክክቡ ወረቀት ላይ ጻፉት።

ሁለተኛ፣ ስንጥቁ በኋላ ከመጣ ጫፍና ጫፉን በእርሳስ ምልክት አድርጉበት፤ ቀኑንም አጠገቡ ጻፉ። እየሰፋ መሄዱ በዚህ ይታወቃል። በላዩ ለስናችሁ ማስረጃውን አታጥፉ።

ሦስተኛ፣ ለሠሪው ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጡት። ጉድለቱንና እስከ መቼ እንዲጠግን እንደምትፈልጉ ግለጹለት። ግልባጩ ከእናንተ ዘንድ ይቅር።

አራተኛ፣ እምቢ ካለ ሽማግሌ አስቀምጡ። በሽማግሌ ካልሆነ ፍርድ ቤት አለ። ዳኛው እንዲጠግን ወይም ኪሣራ እንዲከፍል ሊያስገድደው ይችላል። ውሉንና ደረሰኙን ይዛችሁ ቅረቡ።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ፊደል የቆጠረ ሰው ውሉን ሳያነብ አይፈርምም። ደህና ሁኑ።