የሱስ ሕመምና ሕክምና የማግኘት ዕድል በወልቂጤና ቡታጅራ

የሱስ ሕመም አንድ ሰው ጉዳቱን እያወቀ የአልኮል፣ የጫት ወይም የሌላ ዕፅ አጠቃቀሙን መቆጣጠር ሲያቅተው የሚከሰት የጤና ችግር ነው። የጠባይ ብልሹነት አይደለም፤ ሕክምናም አለው።

እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በቡታጅራ አካባቢ ከተጠየቁ 10,468 አዋቂዎች ግማሽ ያህሉ ጫት ይቅሙ ነበር። የሚቅም ሁሉ ግን የሱስ ሕመም አለበት ማለት አይደለም።

በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ለተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችና ለትራንስጀንደር ሰዎች የሱስ ሕመም ስጋቱ ከፍ እንደሚል ያመለክታሉ። ዋናው ምክንያት መገለል፣ ጥቃትና ራስን ደብቆ መኖር የሚያስከትሉት የማያቋርጥ ጭንቀት ነው። በኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ወንጀል ያደርጋል። እንደ ወልቂጤና ቡታጅራ ባሉ፣ ሰው ሁሉ በዘመድና በጎረቤት በሚተዋወቅባቸው ከተሞች ደግሞ፣ «ምሥጢሬ ይወጣል» የሚለው ፍርሃት ታካሚን ከጤና ጣቢያ ደጃፍ ይመልሳል።

ሕክምናው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በምክር አገልግሎት ነው። ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ማቆሙ የሚጥል መንቀጥቀጥና ሞት ሊያስከትል ስለሚችል፣ የሐኪም ክትትል ያስፈልገዋል። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ የተካሄደው ፕራይም የተባለ ፕሮጀክት የአእምሮ ጤና ሕክምና በሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ሊሰጥ እንደሚችል አሳይቷል።

ታካሚው ስለ አጠቃቀሙ በግልጽ መናገሩ ሕክምናውን ያግዛል፤ ማንን እንደሚያፈቅር የመናገር ግዴታ ግን የለበትም። የባለሙያው ግዴታ ምሥጢር መጠበቅና ሁሉንም ያለ ፍረጃ ማከም ነው።